«አይቻልም» ብዬ የፈረምኩበት ክብ በረት

ቴፒ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ አራት ዓመት ኅዳር ውስጥ፣ በአንድ ቅዳሜና በማግስቱ እሑድ ነው። ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነበርኩ። ዲግሪዬን በማዕረግ ይዤ የመጣሁ፣ በራሴ ግምት ደግሞ ከጅማ ወዲህ ካሉ የሒሳብ ሰዎች ሁሉ አንደኛው። ውድድር ተደርጎ አያውቅም፤ ውጤቱን ግን እኔ አውቀው ነበር።

ምን ዓይነት አስተማሪ እንደነበርኩ በአንድ ነገር ልንገራችሁ። ተማሪ «ፓይ ማለት ሃያ ሁለት ሲካፈል ለሰባት ነው» ብሎ ከጻፈና «በግምት» የምትለዋን ቃል ከረሳ ዜሮ እሰጠው ነበር። የምወደው ትምህርት ደግሞ ክብን ወደ ካሬ ስለመቀየር የሚያወራው ነው። ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ የሰው ልጅ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ፣ ከአንድ ክብ ጋር ስፋቱ ፍጹም እኩል የሆነ ካሬ ለመሥራት ሁለት ሺህ ዓመት ለፋ። በመጨረሻ አንድ ጀርመናዊ እንደማይቻል አረጋገጠ። ይህን ታሪክ ስተርክ ጀርመናዊው እኔ ራሴ የሆንኩ ያህል ነበር የምኩራራው። መጨረሻ ላይ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «አይቻልም» ብዬ ጽፌ፣ ጠመኔዬን አራግፌ እወጣለሁ።

የትምህርት ቤታችን የንብረት ክፍል ሠራተኛ ጋሽ ገብሬ ይባላሉ። በሰፈራቸው ሽማግሌ ሆነው የሚዳኙ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ዓርብ ከሰዓት ጠመኔ ልቀበል ስገባ ነገ ሥራ እንዳለኝ ጠየቁኝ። እንደሌለኝ ስነግራቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኛ ሰፈር ክብ መሬት ወደ አራት ማዕዘን የሚቀይር ሰው ጠፍቶ፣ ሽማግሌ ከተቀመጠ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው» አሉኝ።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሁለት ሺህ ዓመት የፈጀውን እነሱ በሦስት ሳምንት መማረራቸው ገረመኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቁጭ ብለው ነገሩን አስረዱኝ።

ሰፈሩ ከቴፒ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ፣ በሞተር አንድ ሰዓት አይሞላም። እትዬ ዘሃራ የሚባሉ፣ ቤተሰቦቻቸው ድሮ ከጅማ በኩል የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት አሉ። ከአስፋልቱ ዳር አንድ ክብ ቦታ አላቸው፤ ጥንት የአማታቸው የከብት በረት ነበር። የአጥሩ ችካል በቅሎ ዙሪያውን ዛፍ ሆኗል። መሬቱ ፍግ የጠገበ ስለሆነ የቡና ችግኝ እያፈሉ ይሸጡበታል፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉትም በዚያው ነው። የባላቸው ታናሽ ወንድም አቶ ሸምሱ ቡና ሰብሳቢ ናቸው። መንገድ ዳር መጋዘን ሊሠሩ ስለፈለጉ ከኋላ፣ ምንጩ አጠገብ ካለው የበቆሎ ማሳቸው ቆርሰው በለውጥ ሊሰጧቸው ተስማሙ። እትዬ ዘሃራም ወደዱት። ለችግኙ ውኃ በጄሪካን ከመሸከም ይገላገላሉ፤ ሲሆንላቸው ደግሞ ከፊሉን ቡና ሊተክሉበት አስበዋል።

ጠቡ «እኩል» በምትለው ቃል ላይ ነው። አዲሱ መሬት የጎረቤት ድንበር ቀጥ ያለ ስለሆነ አራት ማዕዘን መሆን አለበት። አቶ ሸምሱ ረጅም ገመድ አምጥተው ክቡን በረት ዙሪያውን ለኩ፤ ከዚያ ያንኑ ገመድ በቆሎው ማሳ ላይ በአራት እኩል ጎን ዘረጉት። ያው ገመድ፣ ያው መሬት። ሽማግሌዎቹም ሚዛናዊ መሰላቸው። እትዬ ዘሃራ ብቻ «ያነሰ መሰለኝ» አሉ። «መሰለኝ» ደግሞ ማስረጃ አይሆንም፤ ስለዚህ የተማረ ሰው ይፈለግ ተባለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ምን ይዤ እንደሄድኩ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ትልቁን የሰሌዳ ኮምፓስ፣ ያንን የእንጨቱን፣ የኪራይ ሞተር ላይ በትከሻዬ አንግቤ ነው። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ምናልባት ሐኪም ማዳመጫውን አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው በዚሁ ምክንያት ይሆናል።

ዋንዛ ሥር አግዳሚ ተደርድሯል። ጋሽ ገብሬን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ወረቀቱን ጭኑ ላይ ያስቀመጠ የቀበሌ ጸሐፊ፣ ንጹሕ ጃኬት የለበሱት አቶ ሸምሱ፤ ፈንጠር ብለው ደግሞ እትዬ ዘሃራ የታጠፈ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ክቡን በረት በእርምጃ ከዳር እስከ ዳር ለካሁት። ሠላሳ ስድስት። ስመለስ ጋሽ ገብሬ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጥያቄውን አቀረቡ። ይህን ክብ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ትክክል እኩል አድርጎ ወደ አራት ማዕዘን መቀየር ይቻላል ወይ?

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሕይወቴን ሙሉ አንድ ሰው በራሱ ፍላጎት ይህን ጥያቄ እንዲጠይቀኝ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ተማሪዎቼ እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም። ብድግ አልኩ።

«አይቻልም» አልኩ። «ይሄ የኔ ሐሳብ አይደለም፤ ሕግ ነው።»

ጋሽ ገብሬ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ከተረጋገጠ ከመቶ ዓመት በላይ እንዳለፈው ነገርኳቸው። አንዱ ሽማግሌ ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልተነገረንም ብለው ቅር ተሰኙ። መንግሥት ትምህርት ላይ ትኩረት ስላላደረገ ነው አልኳቸው። ሌላው ያረጋገጠው ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ጀርመናዊ መሆኑን ስነግራቸው «እዚህ ድረስ ሳይመጡ?» ብለው ተገረሙ። የትም ቦታ እንደሚሠራ፣ በሚዛንም በማጂም በጀርመንም ያው እንደሆነ አብራራሁ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ አድርጎ የሚያዳምጠኝ ክፍል ገጥሞኝ ስለማያውቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀጠልኩ። ጸሐፊው አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ማስታወሻ የሚይዝልኝ መስሎኝ ነበር።

ስጨርስ ወረቀቱን አቀረበልኝ። ከታች «የባለሙያው ስምና ፊርማ» የሚል ቦታ አለ። አንድን ሰው «ባለሙያ» ብላችሁ መስመር አስምሩለት፤ ሳያነብ ይፈርማል። እኔም ፈረምኩ፤ ከስሜ ሥር እንኳ አንድ ጭረት ጨምሬ። ከዚያ በኋላ ነው ጸሐፊው ቆሞ ያነበበው፤ «ክብ መሬትን እኩል አድርጎ ወደ አራት ማዕዘን መቀየር በሕግ የማይቻል መሆኑን ባለሙያው ስላረጋገጡ፣ ልውውጡ በገመድ ልክ እንዲፈጸም ተወስኗል።» ማኅተሙንም እዚያው መታበት። ችካሉ በማግስቱ አምስት ሰዓት ላይ እንዲተከል ተቀጠረ።

ዙሪያው እኩል የሆነ ሁሉ ስፋቱ እኩል እንዳልሆነ ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር ከርሜያለሁ። ግን ገና አሁን የተጨበጨበልኝ ሰው ተነስቼ «ቆይ፣ ቆይ» ማለት ከበደኝ። ወደ መንገዱ ስወጣ እትዬ ዘሃራ ተጠጉኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ክልክል መሆኑን አላውቅም ነበር» አሉኝ። «አንተ ካልክ እሺ።»

አቶ ሸምሱ በራሳቸው ሞተር ሸኙኝ። ኮምፓሱ በየጉድጓዱ ጀርባዬን እየጎሰመኝ፣ የሴትዮዋ ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። ክልክል። እኔ «አይቻልም» ስል ሊሆን የማይችል ማለቴ ነው፤ እነሱ የሰሙት መንግሥት ያልፈቀደው ነው። እኔ «ሕግ» ስል የሒሳብ ሕግ፤ እነሱ የሰሙት ጽሕፈት ቤት ያለውን ነው። እዚያው ሞተር ላይ በጭንቅላቴ አሰላሁት። የገመዱ አራት ማዕዘን ጎኑ ሃያ ስምንት እርምጃ ገደማ ነው። ከክቡ ስፋት ከአምስት እጅ አንዱ ይጠፋል፣ እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል። በቡና ተከላ ርቀት ሲታሰብ ሠላሳ እግር ቡና የሚበቅልበት መሬት ነው። ሠላሳ እግር ቡና በፊርማዬ ከአንዲት ሴት ላይ ወስጄ ለመጋዘን ባለቤት ሰጥቻለሁ፤ እሳቸው እንኳ ሳይጠይቁኝ።

አፈርኩ። ማፈር ደግሞ ልምዱ አልነበረኝም፤ ሰው ማሳፈር ነበር ልምዴ።

እሑድ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቤታቸው ደረስኩ። እትዬ ዘሃራ ግቢያቸው ውስጥ ሰፊ ሸራ ዘርግተው፣ መሐሉ ላይ በጉልበታቸው ተንበርክከዋል። አጠገባቸው በጀንፈል የተሞላ ጆንያ ቆሟል፤ ጀንፈል የምንለው ከነገለባው የደረቀውን ቡና ነው። ሰላም ካልኳቸው በኋላ ተጣድፌ ንግግሬን ጀመርኩ። አይቻልም ማለቴ ክልክል ነው ማለቴ እንዳልነበረ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምን ማለትህ ነበር?»

«በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ፣ ፍጹም እኩል የሆነ መሥራት አይቻልም ማለቴ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ማን በማስመሪያና በኮምፓስ ሥራልኝ አለህ?»

ግሪኮቹን እንኳ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ያለ አይመስለኝም።

ሥራቸውን ቀጠሉ። ሸራው መሐል እንደ ችካል የያዙትን እንጨት በግራ እጃቸው ደግፈው፣ በሲባጎ ክብ አዞሩ፤ ከዳር እስከ ዳር ዘጠኝ ስንዝር። ሌላ ሲባጎ በክቡ ዙሪያ አስተኙና ጫፍ ለጫፍ ቋጠሩት። ከጆንያው እየዘገኑ ቡናውን አንዱ ፍሬ በሌላው ላይ ሳይደራረብ፣ ክቡ እስኪሞላ አለበሱት። ከዚያ ሰብስበው ወደ ዳር ገፉትና ያንኑ የተቋጠረ ሲባጎ በአራት ድንጋይ ወጥረው አራት ማዕዘን አደረጉት። ያንኑ ቡና መልሰው ዘረጉ። አራት ማዕዘኑ ሞላ። አንድ ሰፌድ ሙሉ ቡና ግን እጃቸው ላይ ተረፈ።

ሴትዮዋ ይህን ሲያደርጉ ሁለተኛቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ማታውኑ አስበውት ጎህ ሲቀድ ሞክረውታል። ዕድሜ ልካቸውን ቡና ሲያሰጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስንት ቡና ስንት ቦታ እንደሚፈልግ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። እኔ ቀመሩን አውቃለሁ፤ ትናንት ግን ቀመሬ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ጀርመናዊው አፌ ላይ።

እስክሪብቶዬን አውጥቼ ስፋቱን ላሰላላቸው ስል እጃቸውን አነሱ።

«ሒሳቡን እኔ እችለዋለሁ» አሉ። «አንተ ፊርማህን አንሳልኝ።»

አምስት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ችካል ይዘው መጡ። አቶ ሸምሱ ሁለት ቆፋሪዎች አስከትለዋል። ተነስቼ፣ ትናንት የተናገርኩት በተሳሳተ መንገድ እንደተወሰደ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ፣ ገመዱ እኩል ሆኖ መሬቱ እንደሚያንስ፣ ፊርማዬንም እንደማነሳ ተናገርኩ። ትናንት ለግማሽ ሰዓት ያስረዘምኩት ንግግር ዛሬ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ኩራት ሰዓት ይወስዳል፤ ይቅርታ ግን አጭር ነው።

ጸሐፊው ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጠፈ። «ማኅተም ተመትቶበታል። አይቻልም።»

«የትኛው አይቻልም ነው?» አልኩት። «ሊሆን የማይችለው ነው ወይስ የተከለከለው?»

ጸሐፊው ወረቀቱን ገልብጦ አየው። እንደምገምተው በሥራ ዘመኑ ይህን ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ የለም። ክልክል ነው የሚል ነገር ተጽፎ እንዳላየ፣ ሆኖም ተደርጎ እንደማያውቅ ተናገረ። ጋሽ ገብሬ «ተደርጎ ካላወቀ ዛሬ እናደርገዋለን» አሉ፤ ነገሩ ግን አላለቀም። አቶ ሸምሱ ተነሱ። ተቆጥተዋል፤ እውነታቸውንም ነበር። ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ የዘሃራን ልጆች እንደ ራሳቸው ልጆች ያዩ ሰው ናቸው፤ በሰው ፊት ሌባ የተባሉ መሰላቸው። ያው ገመድ አይደለም ወይ፣ ገመድ ይዋሻል ወይ እያሉ ጠየቁ። እኔ ቀመሩን ላስረዳ ብዬ «ሬዲየስ» ከማለቴ ሦስቱም ሽማግሌዎች ዓይናቸው ፈዘዘ።

እትዬ ዘሃራ ሸራውን እዚያው ዋንዛው ሥር ዘረጉት። ጠዋት ያደረጉትን በሙሉ ሳይቸኩሉ ደገሙት። ክቡ ሞላ። ያው ሲባጎ አራት ማዕዘን ሆነ። ያው ቡና ተዘረጋ። የተረፈውን በሰፌድ አድርገው አቶ ሸምሱ ፊት አቀረቡ።

«ሸምሱ፣ ይሄ የት ይደር?»

አቶ ሸምሱ ሰፌዱን ተቀበሉ። ቡናውን በጣታቸው አገላበጡ፣ በእጃቸው መዘኑት፣ እንደገና ሸራውን አዩ። ከገመድ ጋር መከራከር ይችላሉ፤ ከእኔም ጋር እንዲሁ። ቡና ግን ሥራቸው ነው። «እንዲህ ጎድሎ ቢመጣልኝ እኔም አልረከብም ነበር» አሉና ሰፌዱን መለሱ።

ከዚያ እትዬ ዘሃራ ድንጋዮቹን ወደ ውጭ እየገፉ፣ ሲባጎውን ፈትተው ሌላ እየቀጠሉበት፣ የተረፈው ቡና በሙሉ እስኪገባ ድረስ አራት ማዕዘኑን አሰፉት። ጎኑ በስንዝር ተለካ፤ ስምንት ስንዝርና አንድ ጣት ተኩል። ያን ጊዜ ቢያንስ አንድ ነገር ጠቀምኩ። ዘጠኝ ስንዝሩ ስምንት ስንዝርና አንድ ጣት ተኩል ከሆነ፣ ሠላሳ ስድስት እርምጃው ስንት እንደሚሆን አባዛሁላቸው፤ ሠላሳ ሁለት እርምጃ ተኩል። የጥንት ግብፆች ከዳር እስከ ዳር ዘጠኝ ለሆነ ክብ የካሬውን ጎን ስምንት ይሉ እንደነበር አውቅ ነበር። ልናገር ብዬ ተውኩት፤ ከጀርመኖች በኋላ ግብፅን ማምጣት ደግሞ ሌላ ሽማግሌ ያስቀምጣል።

ችካሎቹ ሠላሳ ሁለት ተኩል ላይ ተተከሉ። አሮጌው ወረቀት ተቀደደ፣ አዲሱ ተጻፈ። ጸሐፊው አሁንም «ባለሙያ» የሚል መስመር አስምሮ ሰጠኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ልፈርም ስል አንድ ነገር ዓይኔ ላይ ቆመ። እትዬ ዘሃራ የተረፈውን ቡና ሲጨምሩ፣ ማዕዘኖቹ ጋ ትንሽ ሳሳ ብሎ ነበር። ፍሬ ከፍሬ ራቅ ራቅ ብሎ ነበር የተኛው። ሆን ብለው ይሁን፣ ጉልበታቸውን አሟቸው ይሁን አላውቅም። ትክክለኛው ቁጥር ግን ሠላሳ ሁለት ለመሙላት እንኳ ጥቂት የሚቀረው ነው። የእሳቸው በግማሽ እርምጃ ይበልጣል፤ ነገረኛው ጭንቅላቴ ሳልጠይቀው አሰላው፤ አምስት እግር ቡና።

አቶ ሸምሱ ፊቴን አይተውት ነው መሰለኝ፣ «ቲቸር፣ ትክክል ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እትዬ ዘሃራ ግን አላዩኝም፤ ሲባጎውን እየጠቀለሉ ነበር። «በግምት» የምትል ቃል ስለቀረች ስንት ልጅ ዜሮ የሰጠሁ ሰው እኔ ነኝ። ከአንድ ቀን በፊት ቢሆን ኖሮ ግማሽ እርምጃዋን ይዤ አንድ ሰዓት እናገርባት ነበር።

«በተቻለ መጠን ትክክል ነው» አልኩ። ፈረምኩም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ያቺ እሑድ ምን ለወጠችኝ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ትልቅ ሰው አላደረገችኝም። ክፍል ውስጥ ዛሬም ነገረኛ ነኝ። ግን አንድ ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ «ለምን ፈለግኸው?» እላለሁ። ለፈተና ከሆነ ጀርመናዊውን እሰጠዋለሁ። ለመሬት፣ ለቤት፣ ለጉድጓድ ከሆነ ተነስቼ አብሬው እሄዳለሁ፤ ኮምፓሱን ትቼ። ለሃያ ሁለት ሲካፈል ለሰባትም አሁን ሙሉ ማርክ እሰጣለሁ። «አይቻልም» የምትለዋ ቃል ከአፌ ልትወጣ ስትል ደግሞ የትኛዋ እንደሆነች ራሴን እጠይቃለሁ። ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ሳትሆን ትቀራለች፤ ስንፍና ነው የሚሆነው። እናንተም በየቢሮው መስኮት ቆማችሁ ይህቺን ቃል ስትሰሙ ጠይቁ። መልስ ባታገኙ እንኳ የሰውየው ፊት ያዝናናችኋል።

የዛሬ ወር በዚያ በኩል አልፌ ነበር። መጋዘኑ ተሠርቷል። ከኋላ፣ ምንጩ አጠገብ፣ እትዬ ዘሃራ ያፈሉት ችግኝ ተደርድሯል፤ ዳር ዳሩን የተከሉት ቡና ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልቷል። ልጃቸው እየለቀመች ነበር። በሩቁ ሰላም ብያት አለፍኩ።

አቶ ሸምሱ፣ ምናልባት ይህን ካነበቡ፣ ያቺን ግማሽ እርምጃ እያወቅኩ ዝም ያልኩብዎ እኔ ነኝ፤ በእትዬ ዘሃራ አይቀየሙ። ከፈለጉ ለዚህም እፈርማለሁ።